ቢዋይዲ ሲጋል ለጅማ ሰው ትሆናለች ወይ?

ጅማ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ከያዝክ ሰው ሰላም ሳይልህ የሚጠይቅህ አንድ ነገር ነው፣ «በአንድ ቻርጅ ስንት ትሄዳለች?» የባጃጅ ሹፌሩ መስኮት አስወርዶ ይጠይቅሃል፣ ፓርኪንግ የሚቆርጠው ልጅ ይጠይቅሃል፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ስር እንኳን ጎንህ የተቀመጠው ሰውዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንትኗ ግን... ባትሪዋ...» ይልሃል። ለ11 ወር ስመልስ ቆይቼ አሁን ደከመኝ፣ አንዴ ልፃፈውና የጠየቀኝን ሁሉ አንብብ እለዋለሁ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። መኪናዋ የቻይናው ቢዋይዲ ኩባንያ የሚሰራት ሲጋል ናት፣ ትልቁ ባትሪ ያላት፣ እስካሁን 13 ሺህ ኪሎ ሜትር ነድቻታለሁ፣ ግማሹ እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ሌላው በየሳምንቱ አጋሮ እናቴ ጋ ስመላለስ፣ የቀረው ደሞ አዲስ አበባ።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገርና የቸኮለ ይሂድ። ጅማ ገብቶ ጅማ ለሚያድር ሰው በዚህ ብር ከዚች የተሻለ አዲስ መኪና አላውቅም። በየሳምንቱ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ግን አትሆንም፣ ትችላለች ግን አትሆንም፣ ልዩነቱን ታች ትረዱታላችሁ። የሚሸጡልህ ሰዎች የሚነግሩህን ቁጥር ደሞ እንደ ሰርግ ቤት ምርቃት ቁጠረው፣ አሜን ትላለህ እንጂ አታሰላበትም።

መጀመሪያ ያሰብኩት የዚሁ የቢዋይዲን ዶልፊን ነበር። አባቴን «ዶልፊን ልገዛ ነው» ስለው ኮስተር ብሎ አየኝና «ሱቁን ዘግተህ ታክሲ ልትሰራ ነው?» አለኝ፣ ምክንያቱም እኛ አገር ዶልፊን ማለት ያ የቶዮታው ሚኒባስ ነው፣ ቻይናዎቹ ለአዲሷ መኪና ይሄን ስም ሲያወጡ እኛን አላማከሩም። እስኪገባው ድረስ ፎቶ ማሳየት ነበረብኝ። ዶልፊን ከሲጋል ረዘም ትላለች፣ ከኋላ ሶስት ሰው ታስቀምጣለች፣ ባትሪዋም 44.9 ኪሎዋት ሰዓት ነው (ባትሪው ምን ያህል እንደሚይዝ የሚለካበት ነው)፣ ግን የዋጋው ልዩነት ለኔ ኪስ ከበደ። ሲጋልም እኔ ስገዛት በጠቅላላው ሁለት ሚሊዮን ምናምን ብር ነበረች እኮ፣ እንደ ርካሽ ነገር ሳወራት ሰምታችሁ እንዳትታለሉ።

ለምን ኤሌክትሪክ ለሚለው፣ ምርጫ ነበረኝ እንዴ? ጥር 2016 ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሰራ የቤት መኪና ከዚህ በኋላ አይገባም ብለው ከተናገሩ በኋላ ገበያው ተገለበጠ። እንዲህ አይነት ክልከላ ያወጣ ሌላ አገር ከኛ በፊት አልነበረም። እዚህ ያለው ቤንዚን መኪና በሙሉ በአንድ ጊዜ «ዳግም የማይገኝ ዕቃ» ሆነና ደላላው ቪትዝን እንደ ወርቅ ይመዝናት ጀመር። ከዛ ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይወሰን ተባለ፣ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ሳምንታት ሳይሞላ ከ100 በላይ ወጣ፣ 2017 ላይ ደሞ ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር አለፈ። በሌላ በኩል ኤሌክትሪክ ላይ መንግስት ከ2014 ጀምሮ በሩን ከፍቶ ነበር፣ ኤክሳይዝም ቫትም ሱር ታክስም አልነበረም፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባው ጉምሩክ 15 ፐርሰንት፣ በከፊል ተበታትኖ ለሚገባው 5፣ ሙሉ በሙሉ እዚህ ለሚገጣጠመው ዜሮ። ስለዚህ የዛገች ቪትዝን በሚሸጡበት ዋጋ ላይ ትንሽ ጨምረህ ዜሮ ዜሮ መኪና ታገኛለህ፣ ሂሳቡ ይሄ ነው፣ እኔ አካባቢ ጥበቃ ምናምን ብዬ አልገዛሁም፣ መዋሸት ደስ አይለኝም።

የራሴን ቪትዝ ሸጥኩና አዲስ አበባ ወረድኩ። እዚህ ጋ ጥንቃቄ። ሲጋል በሁለት አይነት ባትሪ ነው የምትመጣው፣ 30.08 ኪሎዋት ሰዓት እና 38.88 ኪሎዋት ሰዓት። በፋብሪካው ወረቀት ትንሿ 305 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፣ ትልቋ 405። ከውጭ ስታያቸው መንታ ናቸው። የመጀመሪያው ሻጭ (ስሙን አልጠራም፣ ሾውሩሙ ያብለጨልጫል፣ ቡናም ይጋብዙሃል) ትንሿን አቁሞ ስለ 405 ኪሎ ሜትር ሲያወራኝ ዋለ። እኔም ልከፍል ነበር እኮ! እግዜር ሲያተርፈኝ የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አንስቼ አንድ የማውቀው ልጅ ጋ ላኩት፣ መለሰልኝ «ወንድሜ ይቺ ትንሿ ናት»። ሰውዬውን ስጠይቀው ምንም ሳያፍር «ልዩነቱ እኮ ብዙ አይደለም» አለኝ። 100 ኪሎ ሜትር ብዙ አይደለም። ከጅማ አጋሮ ደርሰህ የምትመለሰው 90 ኪሎ ሜትር ነው፣ እሱ ለሱ ብዙ አይደለም። ወጣሁና ሌላ ቦታ ገዛሁ፣ የገዛሁበትም ቦታ «ጅማ በአንድ ቻርጅ ትገባለህ፣ 50 ኪሎ ሜትርም ይተርፍሃል» ብሎ ነው ያሰናበተኝ።

405 የሚባለው ቁጥር ውሸት አይደለም፣ ግን የቻይና ፈተና ነው፣ ሲኤልቲሲ ይሉታል፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ፣ አብዛኛውን ቆም ሄድ እያለ የሚለካ ነገር ነው። እኔ ደሞ ግቤ በረሃን የሚያቋርጥ መንገድ ላይ ነው ያለሁት። አዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በወረቀቱ ብትሄድ 55 ይተርፍሃል፣ የሻጩም ሂሳብ ይቺው ናት።

ጉዞዬን እንደነበረ ልንገራችሁ፣ ከማንም ቁጥር ይሄ ይጠቅማችኋል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 100 ፐርሰንት ሞልቼ ከአዲስ አበባ ወጣሁ፣ ከኔ ጋ የአጎቴ ልጅ፣ ከኋላ ሁለት ሻንጣና አንድ ማዳበሪያ ዕቃ። ሰበታን፣ ቱሉ ቦሎን፣ ወሊሶን እያልን ከ80 ሳላልፍ ነዳሁ፣ ኤሲ ዘግቼ፣ አይሱዙ እንኳን እየቀደመኝ። ወልቂጤ ስገባ 61 ፐርሰንት። መንገዱ ከአዲስ አበባ ቁልቁል ስለሆነ እስከዛ ጥሩ ነው። ግን 190 ኪሎ ሜትር ይቀራል፣ መሃል ላይ ደሞ ግቤ። ላቤ መጣ። አንድ ሆቴል ገብቼ አስተናጋጁን ሶኬት ለመንኩት፣ ክትፎ አዝዘን ከመኪናዋ ጋ የመጣውን ትንሿን ቻርጀር በመስኮት አሳልፈን ሰካናት። ይቺ ቻርጀር በሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው የምትሰጠው፣ ሶስት ሰዓት ተቀምጠን ያገኘነው 13 ፐርሰንት ነው። ክትፎ፣ ቡና፣ ድጋሚ ቡና፣ የአጎቴ ልጅ ሶፋው ላይ ተኛ። አስተናጋጁ ሂሳብ ሲያመጣ «የመኪናዋንስ?» አልኩት፣ «እሷ ምን በላች» ብሎ ሳቀ። ቲፑን ጠበቅ አደረግኩለት።

በ74 ፐርሰንት ተነሳን። ቁልቁለቱ ሲጀምር እግሬን ሙሉ በሙሉ አነሳሁ። እዚህ ጋ ነው ቤንዚን የለመደ ሰው የሚደነግጠው፣ ስትወርድ ሞተሩ ራሱ ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ወልቂጤ ከተነሳን ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ድልድዩ ጋ ስንደርስ 73 ላይ ነበርን፣ በመሃል የቀነሰውን ቁልቁለቱ መልሶልናል ማለት ነው። ፍሬን ደሞ ከመጀመሪያ እስከመጨረሻ ሁለቴ ሶስቴ ብቻ ነው የነካሁት፣ በቪትዝ ጊዜ እዛ ቁልቁለት ላይ የፍሬን ሸራ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ነበር የሚቀረው። ድልድዩ ጋ ወርደን ዝንጀሮዎቹን አየን፣ የአጎቴ ልጅ «ይቺማ ናፍጣ የምትወልድ መኪና ናት» ብሎ ሲፎክር... ዳገቱ ጀመረ።

ዳገቱ የሰጠችህን በወለድ ነው የምትቀበልህ። 30 ኪሎ ሜትር በማትሞላ መንገድ 16 ፐርሰንት ሄደ። ጉልበት አጥታ አይደለም፣ እንደውም 55 ኪሎዋት ሞተር ነው ያላት፣ ቪትዝን በሁለተኛ ማርሽ የሚያስለቅስ ዳገት ላይ ሲኖትራክ ቀድማ ትወጣለች፣ ድምፅም የላት። ግን ስክሪኑ ላይ ያለችው ቁጥር እንደ ሰዓት ቆጣሪ ስትወርድ እያየህ ነው የምትወጣው። ላይ ስንወጣ 57። ከዛ ሳጃ፣ ሰኮሩ፣ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ፣ እና ጅማ ስንገባ 23 ፐርሰንት። ወልቂጤ ባልሞላት ኖሮ በ10 ፐርሰንት ነበር የምገባው፣ ዝናብ ወይም ኤሲ ወይም ሁለት ሰው ተጨምሮ ቢሆን ደሞ እንጃ። ያን «50 ኪሎ ሜትር ይተርፍሃል» ያለኝን ሰው ያን ቀን ጎኔ ቢሆን ሰርቦ ላይ አወርደው ነበር። ትችላለች ግን አትሆንም ያልኳችሁ ይሄንን ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ፈጣን ቻርጀር አለለት፣ ኢትዮ ቴሌኮም ራሱ 2017 ላይ ከፍቷል፣ ፈጣኑ ላይ ሲጋል ከ30 ወደ 80 ፐርሰንት በግማሽ ሰዓት ትደርሳለች። እኔ በመንገዴ የተማመንኩት ግን በክትፎ ቤት ሶኬት ነው። የሚገርመው ደሞ በዚሁ መንገድ ላይ ያለችው ግልገል ግቤ 1 ብቻዋን 184 ሜጋዋት ናት፣ የኛው ወንዝ የሚያመነጨው መብራት በላያችን አልፎ ይሄዳል፣ እኛ ታች ሶኬት እንለምናለን።

በቃ ስለ መንገድ ይሄ ይበቃል። ጅማ ውስጥ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል።

ወጪ፦ በወር 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ እሄዳለሁ። በቪትዝ ቢሆን 85 ሊትር ቤንዚን ነው፣ ሊትሩን 120 ብር ብታስበው 10 ሺህ ብር፣ ሰልፉን ሳትቆጥር። ሰልፉን ደሞ ቁጠረው እባክህ፣ ቤንዚን የጠፋ ሳምንት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ ማደያ በር ላይ መኪና ውስጥ ማደር ምን እንደሆነ ጅማ ያለ ሰው ያውቀዋል። አሁን የመብራት ቢሌ ላይ የሚጨምረው ከሺህ ብር በታች ነው። ዘይት የለም፣ ካንዴላ የለም፣ ቺንጋ የለም። በ11 ወር ጋራዥ የገባሁት ጎማ ለማስተካከል ብቻ ነው፣ እሱም ጋራዥ ሳይሆን ጎሚስታ ነው።

ቻርጅ ማድረጉ ላይ ግን አንድ ጉድ አለ፣ የቤትህ መስመር። የኛ ቤት አሮጌ ነው፣ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ምጣድ እንኳን በስንት መከራ ነው የሚችለው። የጠራሁት ኤሌክትሪሺያን አይቶ «ችግር የለውም ስካው» አለኝ፣ ሰካሁት፣ በሶስተኛው ሌሊት ባለቤቴ «የሆነ ነገር ይሸታል» ብላ ቀሰቀሰችኝ፣ ወጥቼ ሳይ ሶኬቱ እንደ ጀበና ክዳን ጠቁሮ ቀልጧል። ግድግዳው ይሞቃል። ኤሌክትሪሺያኑ ለስራው ያስከፈለኝን ብር አልመለሰም፣ ስልክም አላነሳም። ሌላ ሰው መጥቶ ከቆጣሪው ጀምሮ ወፍራም ሽቦ ለብቻው ስቦ፣ የራሱ ብሬከር አድርጎ፣ አርዝ ቀብሮ ሰራልኝ፣ እንደውም መኪናዋ ያለ አርዝ ቻርጅ ማድረግ አለመፈለጓ የሷ ጤነኝነት ነው ብሎ ነገረኝ። ከዛ ወዲህ ማታ ሶስት ሰዓት እሰካለሁ፣ ጠዋት እነቅላለሁ። በትንሿ ቻርጀር ከባዶ ለመሙላት 20 ሰዓት ገደማ ትፈልጋለች፣ ግን ማን ባዶ ያደርጋታል? ከተማ ውስጥ በቀን 20 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሁለት ሌሊት መብራት ቢጠፋ እንኳን ግድ አይሰጠኝም። ስለዚህ ከመኪናው በፊት ሽቦውን አሰሩ፣ ጋራዥ የሌለው ኮንዶሚኒየም ሶስተኛ ፎቅ ላይ ያለህ ሰው ደሞ ሌላ ነገር አስብ፣ በመስኮት ኬብል ልታወርድ ነው?

ነዳጅ መስጫ የሚመስል ፔዳሏን ስትነካት ከባጃጆቹ መሃል ሹልክ ትላለች፣ የኛው የጅማ መርካቶ ሐሙስ ቀን ገበያ ስትገባ ትንሽነቷ በረከት ነው፣ 3 ሜትር ከ78 ናት፣ ባጃጅ ያቆመበት ቦታ ልክ ትገባለች። ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግስት ድረስ እንግዳ ይዤ ስንቴ ወጥቻለሁ፣ ስትወጣ አራት አምስት ፐርሰንት ትበላለች፣ ስትወርድ አንድ ሁለቷን ትመልሳለች። ኮብልስቶን ላይ ግን ጥርስህን ትቆጥራለህ፣ ሞላዋ ለአስፋልት የተሰራ ነው፣ ዝቅ ያለችም ናት። አንድ ምሽት ያልተቀባ ጉብታ ሳላይ በፍጥነት ገብቼ የሆዷን ፕላስቲክ ቀደድኩት፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ግን ሂሉክስ የለመደ ሰው ይወቀው። ስኮርት ጎማም አብሮ አልመጣልኝም፣ አንዲት መንፊያና ጠርሙስ ሙጫ ብቻ ናት ያለችው፣ ከአጋሮ መልስ ምሽት ላይ ጎማ ቢተኮስ ሙጫ ይዤ ምን ላደርግ ነው ብዬ ሪም ከነጎማው ገዝቼ ኋላ ጫንኩ። የኋላዋ ደሞ እሱ ከገባ በኋላ አንድ ዘንቢል ነው የሚቀራት።

ዝናብ። ጅማ ነን እኮ። ሲጋል ከፊት ያላት መጥረጊያ አንድ ብቻ ነው። አንድ! ስገዛት «ምን ችግር አለው ረጅም ናት» አልኩ። ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ ያ የኛ ዝናብ በባልዲ ሲደፋው ያቺ አንዷ መጥረጊያ ወዲህ ወዲያ ስትል ብታዩ ታሳዝናለች፣ ትሰራለች፣ ትሮጣለች፣ ግን የተሳፋሪው ጫፍ ላይ የማትደርስበት ጥግ አለ። ዝናቡ ባትሪውን ምን ያደርገዋል ለሚሉኝ ግን ምንም። ውሃ አቋርጫለሁ፣ አጥቤያታለሁ፣ ምንም። ባትሪው ብሌድ የሚሉት፣ 2020 እንደ ፈረንጆቹ ያወጡት የብረት ፎስፌት አይነት ነው፣ እስከ 100 ፐርሰንት መሙላቱ እንደሌሎቹ ባትሪዎች አያሰጋውም፣ ቶሎም አይጋይም።

ወንበር፦ አራት ነው። አምስት አይደለም፣ አራት ቀበቶ፣ አራት ሰው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆች፣ ሞላ። አማቴ ከመጡ አንዳችን በባጃጅ ነው የምንሄደው፣ አብዛኛውን ጊዜ ያ «አንዳችን» እኔ ነኝ። መኪናዬን ከኋላ በባጃጅ ስከተላት ያዩኝ የሰፈር ልጆች እስካሁን ይስቁብኛል። ይሄን ቀላል ነገር ብላችሁ እንዳታልፉት፣ በኛ አገር መኪና ያለው ሰው የሰርግም የለቅሶም አምቡላንስ ነው፣ «አንድ ሰው ጠጋ በሉ» የማይባልበት መኪና ከጎረቤት ያጣላል።

ስክሪኗ ሲመጣ ሁሉ ነገሩ ቻይንኛ ነበር። ሻጩ «እንቀይርልሃለን» ብሎ ሳይቀይር ሸኘኝ። እስኪስተካከል ሁለት ወር ያህል በግምት ነው የነዳሁት፣ ቀዝቃዛ አየር ብዬ የነካሁት መቀመጫ ቅንብር ምናምን። ትንሿ ልጄ ግን ከኔ ቀድማ ገባት፣ «ኒሃው ሻውዲ» ስትል መኪናዋ እንደምትመልስላት ደርሳበታለች፣ አሁን ትምህርት ቤት በር ላይ ጓደኞቿን ሰብስባ በቻይንኛ ስታዝዛት ሳይ መኪናው የማን እንደሆነ ይጠፋኛል።

አሁን ትልቁ ችግር ላይ እንምጣ፣ መለዋወጫ። ሚያዝያ ላይ መርካቶ ጋ አንድ ባጃጅ ግራ ስፖኪዮዬን ገጭቶ ይዞት ሄደ። ልጁ ቆሞ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ኪሱን ሲገለብጥ 200 ብር ነው ያለው፣ ምን ልበለው፣ ሂድ አልኩት። ቪትዝ ብትሆን እዛው ቆሜ ደውዬ ከሰዓት አስገጥሜ እገባ ነበር። የሲጋሏን ጅማ ሙሉ ዞርኩ፣ የለም። አዲስ አበባ የጠየቅኩት አንዱ የነገረኝ ዋጋ የአንድ የጎን መስታወት ሳይሆን ባለ ሶስት በር ቁምሳጥን የሚገዛ ነው። አንዱ ከቻይና እናመጣለን ብሎ ቀብድ ተቀብሎኝ 40 ቀን ቆይቶ የቀኝ ጎን አመጣልኝ። የቀኝ! እስካሁን የግራው በማስተር ፕላስተር ታስሮ ነው ያለው። ሜካኒኮቻችንም ገና ናቸው፣ የኔ የድሮ ሜካኒክ፣ ዲኤክስን አይኑን ጨፍኖ አውርዶ የሚገጥም ሰው፣ ኮፈኑን ከፍቼ ያቺን ብርቱካናማ ወፍራም ኬብል ሲያይ እጁን ወደ ኋላ አጠፈና «ይቺን አልነካም፣ ልጆች አሉኝ» አለኝ። ልክ ነው፣ ብርቱካናማ ማለት ከፍተኛ ቮልቴጅ ማለት ነው፣ ያልተማረ ሰው ሊነካው አይገባም። ታዲያ ዋስትናስ? በግል አስመጪ ከቻይና በቀጥታ የገባ መኪና ላይ የፋብሪካው ዋስትና ይከተልሃል ብለህ እንዳታስብ፣ ወረቀቱ ላይ ማን ፈርሞ እንደሚሰጥህ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ከመክፈልህ በፊት ጠይቅ።

አጂፕ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሰበሰብባት ቡና ቤት አለች፣ የመኪና ፍርድ ቤት ናት በሉት። አንዱ ጓደኛችን የዚሁ የቢዋይዲን ዩዋን ፕላስ ነው የያዘው፣ 60.48 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወረቀት 510 ኪሎ ሜትር። እውነት ለመናገር አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው ነገሩ የሚጀምረው ከዛ ነው፣ እሱ ጅማ ሳይሞላ ይገባል፣ ኤሲ ከፍቶ። ከፍም ትላለች። በሩ ላይ ግን እንደ ጊታር የተወጠሩ ሶስት ክሮች አሏት፣ ልጆቹ ሲመቷቸው ድምፅ ይሰጣሉ፣ ማን አስቦት ነው ብዬ ሁሌ እገረማለሁ። ሌላው የቮልስዋገን አይዲ 6 አፍቃሪ ነው፣ ባለ ሰባት ወንበሯ፣ ለቻይና ገበያ ብቻ የተሰራችው። ለቤተሰብ ከሷ የሚበልጥ የለም፣ እኔም እቀናለሁ፣ ግን ለቻይና ብቻ የተሰራ ማለት መለዋወጫውም ከቻይና ብቻ ነው፣ የስፖኪዮ ታሪኬን ያነበበ ይገባዋል። ቶዮታ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚሉት ሃጂ ጎረቤታችን ደሞ የቶዮታን ኤሌክትሪክ መኪና፣ ቢዚ4ኤክስን ነው የሚያስቡት። ቶዮታ ላይ ያላቸው እምነት እንደ ሃይማኖት ነው፣ ያቺ መኪና በ2022 እንደ ፈረንጆቹ ገና እንደወጣች የጎማ ቡሎኗ ሊላላ ይችላል ብሎ ፋብሪካው ራሱ መልሶ እንደጠራት ብነግራቸው «ወላሂ ትዋሻለህ፣ ቶዮታ?» አሉኝ። ተስተካክሏል ችግሩ፣ ግን ስም ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ለማሳየት ነው ያነሳሁት። አንድ ደሞ አለ ምንም የማይገዛ፣ በስልኩ ዋጋ እያየ «ትንሽ ልጠብቅ፣ ይወርዳል» የሚል፣ ከ2015 ጀምሮ እየጠበቀ ነው። ቪትዜን ከገዛኝ ሰውዬ ጋ ባለፈው ተገናኘን፣ ከኔ በገዛበት ላይ አትርፎ ሸጧታል። ይሄን የሰማ ቀን ያ ጠባቂው ጓደኛችን ቡናውን ሳይጨርስ ሄደ።

ያገለገለ ኤሌክትሪክ ልግዛ ለምትሉ አንድ ነገር፣ ኪሎ ሜትሩን አትዩት፣ የባትሪውን ጤንነት በመሳሪያ አስነብቡ፣ ሻጩ አላስነብብም ካለ ቻው በሉት። ደሞ ጂቢቲ የሚባለው የቻይናው መሰኪያ መሆኑን እዩ፣ ቻርጀሩም አብሮ መሰጠቱን። ያለ ቻርጀር የሸጡለት ሰው አውቃለሁ፣ መኪናዋን በሰው መኪና አስጎትቶ ነው ያስገባት።

ሃጂ ግን ባለፈው አርብ ከሰላት መልስ «እስቲ ቁልፉን» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ጅሬን ድረስ ወጥተው ተመለሱ፣ 20 ደቂቃ ያህል። ወርደው በሩን ሁለቴ ከፍተው ዘጉት፣ ኮፈኑን አስከፈቱኝ፣ ጎማዋን በእግራቸው ገፋ ገፋ አደረጉ። ከዛ ያ በፕላስተር የታሰረው ስፖኪዮ ጋ ቆመው «ይሄ ስንት ነው?» አሉ። ነገርኳቸው። «አስታግፊሩላህ» ብለው ቁልፉን መለሱልኝ። የሲጋል ግራ ስፖኪዮ፣ ነጭ፣ ያለው ወይም የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይፃፍልኝ፣ የቀኙን በቅናሽ እለቅለታለሁ።